ለየብቻ የተቀመጡ መዝገቦች

እ.ኤ.አ. በ1980 በጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ባንኮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልታከለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላኪው ጆቫኒ ፋልኮኔ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ መርማሪ ዳኛ ነበሩ። ደብዳቤው ከ1975 ወዲህ በየቅርንጫፉ የውጭ ገንዘብ የተመነዘረበት ደረሰኝ አንድም ሳይቀር እንዲላክላቸው ያዛል። ሥራ አስኪያጆቹ ግራ ገባቸው። ማፊያ ሲነሳ ዳኛ የሚጠይቀው ማን ተኮሰ፣ ማን አየ ብሎ ነበር እንጂ ማን ስንት ዶላር መነዘረ ብሎ አልነበረም።

የቆየው ጥያቄ ግን መልስ አስገኝቶ አያውቅም። ማን አየ? ማንም። በጠራራ ፀሐይ ሰው በሞላበት አደባባይ ለተገደለ ሰው መዝገብ ሲከፈት ምስክር ይጠፋል፤ የተገኘውም ችሎት ፊት ሲቆም ቃሉን ይለውጣል። በ1968 በካታንዛሮ ከተማ ከመቶ በላይ ተከሳሾች የቀረቡበት ትልቅ የማፊያ ችሎት ሲጠናቀቅ አብዛኞቹ በነፃ ወይም በቀላል ቅጣት ወጡ። በዓመቱ ደግሞ በባሪ ከተማ ኮርሊዮኔ ከምትባል የሲሲሊ ከተማ የመጡ ተከሳሾች በነፃ ተሰናበቱ፤ ከመካከላቸው አንዱ ኋላ የማፊያው ቁንጮ የሆነው ሳልቫቶሬ ሪና ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ማፊያ የሚባል ድርጅት የለም፣ ያለው የሲሲሊ ሰው የቆየ ጠባይ ነው ማለት ያዙ። የሌለን ድርጅት ደግሞ ማን ይከሳል?

የወተት ሻጩ ሕንፃዎች

ፋልኮኔ ወደ ወንጀል ምርመራ ከመምጣታቸው በፊት የኪሳራ ጉዳዮችን በሚያየው ችሎት ሠርተዋል። እዚያ የከሰረን ነጋዴ ደብተር ማገላበጥ፣ በስም ብቻ የቆመን ኩባንያ ከእውነተኛው መለየት፣ ቼክ ከማን እጅ ወጥቶ ማን እጅ እንደገባ መከተል የዘወትር ሥራ ነው። ይህን ልማድ ይዘው ነው ሮሳሪዮ ስፓቶላ የሚባል የሕንፃ ተቋራጭ መዝገብ የተረከቡት። ስፓቶላ በወጣትነቱ እየዞረ ወተት የሚሸጥ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ፓሌርሞ ከምታውቃቸው ባለሀብቶች አንዱ ሆኗል፤ በኒውዮርክ ያሉት ጋምቢኖ የሚባሉት የማፊያ ቤተሰብም የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ፋልኮኔም የወተት ገንዘብ ይህን ሁሉ ሕንፃ እንደማያቆም ሲያስተውሉ ምንጩን ፍለጋ ወደ ባንክ ሄዱ።

ደረሰኞቹ ክምር ሆነው መጡ። ስሙን ከስም፣ ቀኑን ከቀን እያመሳከሩ አንድ በአንድ መዘገቧቸው። ቀደም ሲል በ1979 የፓሌርሞ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ኃላፊ ቦሪስ ጁልያኖ በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ዶላር የያዙ ሁለት ሻንጣዎች አግኝተው ነበር። ገንዘቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ሻንጣዎቹ ብቻቸውን እንቆቅልሽ ነበሩ። ከባንክ ደረሰኞቹ አጠገብ ሲቀመጡ ግን ትርጉም አገኙ። ከእስያ የሚመጣ የሞርፊን ጥሬ ዕቃ በሲሲሊ በተሸሸጉ ቤተ ሙከራዎች ሄሮይን ይሆናል፤ ሄሮይኑ ወደ ኒውዮርክ ይሻገራል፤ ዶላሩ ተመልሶ በባንክ መስኮት የጣሊያን ሊሬ ይሆናል፤ ሊሬው ደግሞ ሲሚንቶና ብረት ሆኖ በፓሌርሞ ጎዳና ዳር ይቆማል።

የመጀመሪያው ግኝት ይህ ነው። ሄሮይን ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ዱካው ይጠፋል። በሁለት ባንኮች መካከል የተላለፈ ገንዘብ ግን በላኪውም በተቀባዩም በኩል ወረቀት ትቶ ያልፋል። ይህ ምስክር ልጅ የለውም፣ አይፈራም፣ ችሎት ፊት ቃሉን አይለውጥም። ፋልኮኔ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከኒውዮርክ ዓቃብያነ ሕግ ጋር መሥራት ጀመሩ፤ ሁለቱ አገሮች የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ ይዘው እንደኖሩ የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

የሟቾቹ ዝርዝር

ሁለተኛው ግኝት የመጣው ከሬሳ ሣጥኖች ነው። ሻንጣዎቹን ያገኙት ጁልያኖ በጁላይ 1979 ቡና ጠጥተው ሒሳብ ሊከፍሉ በቆሙበት ተገደሉ። በሴፕቴምበር የምርመራ ቢሮውን ሊመሩ የታጩት ዳኛ ቼዛሬ ቴራኖቫ ተከተሉ። ጁልያኖ የጀመሩትን ክር ያነሱት የካራቢኔሪ (የወታደራዊ ፖሊስ) ሻምበል ኤማኑዌሌ ባዚሌ በሜይ 1980 ትንሽ ልጃቸውን እንደታቀፉ ተተኮሰባቸው። በስፓቶላ መዝገብ የእስር ትእዛዝ ሲወጣ የበታቾቻቸው አንፈርምም በማለታቸው በራሳቸው ስም የፈረሙት ዋና ዓቃቤ ሕግ ጋኤታኖ ኮስታ በኦገስት 1980 መንገድ ላይ ወደቁ።

አንድ በአንድ ሲታዩ በቀል ይመስላሉ። አጠገብ ላጠገብ ሲነበቡ ግን ስሌት አለባቸው። በዚያን ጊዜው አሠራር እያንዳንዱ መርማሪ ዳኛ መዝገቡን በራሱ መሳቢያ ቆልፎ ይይዛል። የግድያው መዝገብ በአንዱ ክፍል፣ የሄሮይኑ በሌላው፣ የሕንፃ ፈቃዱ በሦስተኛው ነው። ማፊያው መንግሥት ራሱ ገና ያልደረሰበትን ደርሶበታል፦ መንግሥት የሚያውቀው ነገር በመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሰውዬው ከወደቀ ተተኪው ከሀ ይጀምራል። ስለዚህ ግድያው የመዝገብ መዝጊያ መሣሪያ ነበር።

ይህን ቀድመው ካዩት አንዱ የምርመራ ቢሮው ኃላፊ ሮኮ ኪኒቺ ናቸው። ፋልኮኔንና የልጅነት ሰፈር ጓደኛቸውን ፓኦሎ ቦርሴሊኖን አቅርበው የሚያውቁትን እንዲለዋወጡ ያደርጉ ጀመር። ከላይ የመጣው ምክር ሌላ ነበር። ከሞቱ በኋላ በታተመው የግል ማስታወሻቸው እንደጻፉት፣ አንድ የፍርድ ቤት የበላይ ኃላፊ ፋልኮኔ የፓሌርሞን ኢኮኖሚ እያበላሸ ስለሆነ ጥቃቅን መዝገብ ጫንበትና ፋታ አሳጣው ብለዋቸዋል።

ሕግ አውጪውም በራሱ ጊዜ ይራመድ ነበር። የሲሲሊው የፓርላማ አባል ፒዮ ላ ቶሬ የማፊያ አባል መሆን በራሱ ወንጀል እንዲሆንና ምንጩ ያልታወቀ ሀብት እንዲወረስ የሚል ረቂቅ በ1980 አቀረቡ። ረቂቁ ተኛ። ላ ቶሬ በአፕሪል 1982 ተገደሉ፤ ረቂቁ አሁንም አልተነሳም። ቀይ ብርጌድ የተባለውን የሽብር ቡድን በማዳከም የታወቁት ጄኔራል ካርሎ አልቤርቶ ዳላ ኪዬዛ የፓሌርሞ አስተዳዳሪ ሆነው ተላኩ። የጠየቁት መሥሪያ ቤቶቹን ሁሉ የሚያቀናጅ ሥልጣን ነበር፤ ሥልጣኑ ሳይሰጣቸው በሴፕቴምበር 3 ቀን 1982 ከባለቤታቸው ጋር መኪናቸው ውስጥ ተገደሉ። ሕጉ የጸደቀው ከዚያ በኋላ በአሥረኛው ቀን ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የተኛ ረቂቅ በአሥር ቀን ሕግ ሆነ።

በጁላይ 1983 ኪኒቺ ቤታቸው በር ላይ በመኪና ቦምብ ተገደሉ። የሳቸውን ወንበር ለመረከብ ከፍሎሬንስ የመጡት አንቶኒኖ ካፖኔቶ ስድሳ ያለፋቸው፣ ጡረታ የቀረባቸው ሰው ነበሩ። የቱሪን ዳኞች ሽብርተኞችን እንዴት በቡድን እንደመረመሩ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ፋልኮኔን፣ ቦርሴሊኖን፣ ጁዜፔ ዲ ሌሎንና ሌዮናርዶ ጓርኖታን አንድ ላይ አሰለፉ። ደንቡ አጭር ነው። የማፊያ ጉዳይ ሁሉ ወደ ቡድኑ ይመጣል፤ አንዱ ያገኘውን ወረቀት ሌሎቹም ይይዙታል፤ ስለዚህ አንዱን መግደል ምርመራውን አይገድለውም። ግድያው ሥራ እንዲፈታ የተደረገው በአጃቢ ብዛት ሳይሆን በአሠራር ለውጥ ነው።

ከውስጥ የተሰማ ድምፅ

ወረቀት ገንዘቡ የት እንደደረሰ ይናገራል እንጂ ማን እንዳዘዘ አይናገርም። ይህን ክፍተት የሞላው ቶማዞ ቡሼታ ነው። ቡሼታ በብራዚል ተይዞ በጁላይ 1984 ለጣሊያን ተሰጠ፤ ከመምጣቱ በፊት መርዝ ውጦ ሊሞት ሞክሮ ተርፏል። የሪና የኮርሊዮኔ ቡድን ሁለት ወንዶች ልጆቹን፣ ወንድሙንና ሌሎች ዘመዶቹን ፈጅቶበታል። ለፋልኮኔ ሲናገር መጀመሪያ ያስጠነቀቀው ራሳቸውን ነው፦ መጀመሪያ ስምዎን ለማጥፋት፣ ቀጥሎም እርስዎን ለመግደል ይሞክራሉ፤ ከኮዛ ኖስትራ (የሲሲሊ ማፊያ አባላቱ ድርጅታቸውን የሚጠሩበት ስም ነው) ጋር የሚከፈት ሒሳብ አይዘጋም የሚል ነበር ምክሩ። ከዚያ ለሳምንታት ተናገረ፤ ፋልኮኔም ቃሉን በገዛ እጃቸው ጻፉ።

ቡሼታ የሰጣቸው የድርጅቱን ካርታ ነው። ከታች ወታደሮች አሉ፤ ከነሱ በላይ የቤተሰብ አለቃ፤ አጎራባች ቤተሰቦችን የሚወክል የወረዳ አለቃ፤ ከሁሉ በላይ ኮሚሽን የሚባል ጉባኤ። ትልቅ ግድያ ያለዚህ ጉባኤ ፈቃድ አይፈጸምም። የሕግ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ወዲያው ነው፦ ግድያዎቹን ያዘዘው አንድ ጉባኤ ከሆነ በየመሳቢያው የተቆለፉት መዝገቦች የአንድ መዝገብ ገጾች ናቸው፤ ቃታ ያልሳበውም የጉባኤ አባል ይጠየቃል።

እዚህ ላይ የፋልኮኔ ጠባይ ከግኝቱ እኩል ዋጋ አለው። ቡሼታ ያለውን ሁሉ እንዳለ አልተቀበሉም። እገሌን እዚህ አገኘሁት ካለ የሆቴል መዝገብና የጉዞ ወረቀት ይፈለጋል፤ ገንዘብ ተላከ ካለ ቼኩ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ሌላ እስረኛ አንድን ታዋቂ ፖለቲከኛ የሚያስወነጅል ቃል ይዞ ቀረበ። ሕዝቡ ሊሰማው የጓጓለት ክስ ነበር። ፋልኮኔ አጣርተው ሐሰት መሆኑን ሲያዩ ሰውየውን በስም ማጥፋት ከሰሱት። በዚህም ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ ጠረጠሯቸው።

በሴፕቴምበር 29 ቀን 1984 በቡሼታ ቃልና በማስረጃዎቹ ላይ ተመሥርቶ 366 የእስር ትእዛዝ ወጣ። መልሱ በ1985 ክረምት መጣ፤ የቡድኑ ቀኝ እጅ የነበሩት የፖሊስ መኮንኖች ቤፔ ሞንታናና ኒኒ ካሳራ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተገደሉ። ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ ከነቤተሰባቸው አዚናራ ወደምትባል የእስር ቤት ደሴት ተወስደው የክሱን ጽሑፍ እዚያ አዘጋጁ፤ ሲመለሱ መንግሥት የመኝታና የምግብ ሒሳብ አስከፈላቸው። ክሱ ከ8,000 ገጽ በላይ ሆነ።

ችሎቱ የተሰየመው በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1986፣ በኡቺያርዶኔ እስር ቤት አጠገብ በወራት ውስጥ በተገነባ ቦምብ የማይበግረው አዳራሽ ነው። ተከሳሾቹ 475 ነበሩ፤ ግድግዳው ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ ክፍሎች ተሞልቷል። በዲሴምበር 16 ቀን 1987 ውሳኔው ሲነበብ 346ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፣ 114ቱ በነፃ ወጡ። ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው 19 ናቸው፤ የቀሪዎቹ እስራት ሲደመር 2,665 ዓመት ሆነ። በነፃ የወጡት ሰዎች ቁጥር ዳኞቹ በጅምላ እንዳልፈረዱ ያሳያል።

መንግሥት የራሱን ግኝት ሲያፈርስ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ካፖኔቶ ወንበሩን ፋልኮኔ ይወርሱታል ብለው ወደ ፍሎሬንስ ሊመለሱ ተነሱ። በጃንዋሪ 1988 የዳኞች ከፍተኛ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ፤ በ14 ለ10፣ አምስት ድምፀ ተዓቅቦ ተመዝግቦ፣ በአገልግሎት ዘመን የሚበልጡት አንቶኒኖ ሜሊ ተሾሙ። አዲሱ ኃላፊ ማፊያን እንደ አንድ ድርጅት የሚያየውን አካሄድ አልተቀበሉም፤ መዝገቦቹ ለየዳኛውና ለየአውራጃው ፍርድ ቤት ተበተኑ። ጥይት ያልበተነውን ቡድን የሹመት ደንብ በተነው። በየመሳቢያው መቆለፍ ተመለሰ።

ፋልኮኔ ከዚህ የተማሩት የመጨረሻውን ግኝት ነው። ቡድን በአንድ ደግ አለቃ ፈቃድ ከቆመ በሌላው ፈቃድ ይፈርሳል፤ ስለዚህ በሕግ መቆም አለበት። በ1991 ወደ ሮም ሄደው በፍትሕ ሚኒስቴር የወንጀል ጉዳዮች ኃላፊ ሆኑ። ብዙ ባልደረቦቻቸው ለፖለቲከኞች አደረ ብለው አሟቸው። እሳቸው ግን የፓሌርሞውን አሠራር ወደ አገር አቀፍ ተቋም እየለወጡት ነበር። ፖሊስን፣ ካራቢኔሪንና የገንዘብ ጥበቃ ኃይሉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሠራ የፀረ ማፊያ ምርመራ ድርጅት ተመሠረተ፤ በየአውራጃው ዓቃቤ ሕግ ዘንድ የፀረ ማፊያ ክፍል፣ ከላይ ደግሞ የሚያቀናጃቸው ብሔራዊ ዓቃቤ ሕግ ተደነገገ፤ ቃል የሚሰጡ የቀድሞ አባላትንና ቤተሰቦቻቸውን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። የማፊያ ይግባኞችም በሰበር ሰሚ ፍርድ ቤቱ ወደ አንድ ችሎት ብቻ ከመሄድ ይልቅ በተለያዩ ችሎቶች መታየት ጀመሩ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1992 ሰበር በ1986 የተሰየመውን ትልቅ ችሎት ፍርድ አጸና። ማፊያ የሚባል ድርጅት አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር በሕግ ፊት ተዘጋ።

በሜይ 23 ቀን 1992፣ ካፓቺ በምትባል ከተማ አጠገብ በአውራ ጎዳና ሥር የተቀበረ 500 ኪሎ ገደማ ፈንጂ ፋልኮኔን፣ ባለቤታቸውን ዳኛ ፍራንቼስካ ሞርቪሎንና ሦስት አጃቢዎችን ገደለ። በ57ኛው ቀን ቦርሴሊኖ ከአምስት አጃቢዎቻቸው ጋር ተከተሉ። የ1980ዎቹ ስሌት ቢሠራ ኖሮ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ይሁን እንጂ መዝገቦቹ አልተዘጉም። ሪና በጃንዋሪ 1993 ተያዘ፤ ተተኪው ቤርናርዶ ፕሮቬንዛኖ በ2006፣ የመጨረሻው ታላቅ ተፈላጊ ማቴዎ ሜሲና ዴናሮ በጃንዋሪ 2023። በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ የተወረሱ ቤቶችና እርሻዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲውሉ አደረገ።

ድሉ ግን ጎዶሎ ነው። የመንግሥት ዓይን ሲሲሊ ላይ ሲያርፍ በደቡብ ጣሊያኗ ካላብሪያ ያለው ንድራንጌታ የሚባል ቡድን በኮኬይን ንግድ ገነነ። ቤተሰቦቹ በሥጋ ዝምድና የተሳሰሩ ስለሆኑ ከውስጥ የሚናገር ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ አባቱን ወይም ወንድሙን ማሳሰር አለበትና። ለአንዱ ድርጅት የሠራ ቁልፍ ሌላውን በቀጥታ አይከፍትም።

ከፓሌርሞ እስከ በረሃው መንገድ

በዲሴምበር 2000 ድንበር ዘለል የተደራጀ ወንጀልን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ለፊርማ የተከፈተው በፓሌርሞ ነው፤ ፋልኮኔ ከሌሎች አገሮች ጋር ያጎለበቱት ትብብር ዓለም አቀፍ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2007 አጽድቃለች። ከስምምነቱ ጋር ከተያያዙት ፕሮቶኮሎች ሁለቱ ስለ ሰዎች ዝውውርና ስለ ስደተኞች ማሻገር ስለሚናገሩ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በደላላ ተታልሎ ሊቢያ በኒ ወሊድ የታገተ ወጣት ቤተሰቡን በስልክ ሲያስለቅስ፣ እናት በሬና መሬት ሸጣ በሐዋላ ስትልክ፣ ያ ገንዘብ የሚያልፍበት መንገድ ልክ እንደ ስፓቶላ ዶላር ዱካ አለው። ከእነዚህ የእገታ ነጋዴዎች አንዱ ነው የተባለ ኤርትራዊ አዲስ አበባ ተይዞ ሲዳኝ በ2021 ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ሱዳን ውስጥ የተያዘው ኢትዮጵያና ኔዘርላንድ ባስወጡት የኢንተርፖል የተፈላጊነት ማስታወቂያ፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በመሩት ዘመቻ ነው። የአንድ አገር ፖሊስ ብቻውን የሚደርስበት ሰው አልነበረም።

ትምህርቱ የሚሳትበትም መንገድ አለ፤ የሳተውም እዚያው ፓሌርሞ ነው። በ2016 ሱዳን አንድ ኤርትራዊ ወጣትን ታላቅ የስደተኞች አሻጋሪ ነው ብላ ለጣሊያን አሳልፋ ሰጠች፤ የፓሌርሞ ዓቃብያነ ሕግም ከሰሱት። ጓደኞቹና ጋዜጠኞች ሰውየው እሱ አይደለም እያሉ ሦስት ዓመት አለፈ። በጁላይ 2019 ፍርድ ቤቱ የተያዘው የተፈለገው ሰው አለመሆኑን አረጋግጦ ለቀቀው። የፋልኮኔን ተቋም የወረሰ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ቃል በወረቀት የማጣራት ልማዳቸውን ካልወረሰ የሚያስረው የተሳሳተውን ሰው ነው።

መንግሥታት የተደራጀ ወንጀልን ለመዋጋት አቅም ገነባን ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የታሰረ ሰው ብዛትና የአዲስ መሣሪያ ፎቶግራፍ ነው። ፓሌርሞ በብዙ ሕይወት የገዛችው መለኪያ ከዚህ ይለያል። ዋናው መርማሪ ነገ ቢገደል፣ ቢዛወር ወይም ከአለቃው ጋር ቢጣላ መዝገቡ ከቆመበት ይቀጥላል ወይ? የግድያው መርማሪ የባንኩ መርማሪ ያወቀውን ያውቃል ወይ? የተከሰሰው ሰው በእርግጥ የተፈለገው ሰው ነው ወይ? እነዚህን በአዎንታ መመለስ የሚችል መንግሥት ጀግና መርማሪ ቢያጣም ሥራው አይቆምም። መመለስ የማይችል ግን አሥር ፋልኮኔ ቢኖሩትም አንድ በአንድ ይቀብራቸዋል።